ያለ እሳት የነጠረ መዳብ

የባትሪ አሲድ በሸተተኝ ቁጥር በነጠላዬ ፊቴን እሸፍናለሁ። አብሮኝ ያለ ሰው «ሽታው ከብዷት ነው» ይላል። ሽታው አይደለም፤ እፍረት ነው። ባለፈው አራዳ ገበያ ላይ ዝናብ ሲያጣድፈኝ የባጃጅ ባትሪ ከሚሞላበት ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠጋሁና፣ ያ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሽታ ከውስጥ መጣብኝ። እርጥብ ብረት፣ ኮምጣጤ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ፣ ሁሉም ባንድ ላይ። ዝናቡን መርጬ ወጣሁ። የሱቁ ልጅ «እንዴ፣ እትዬ! ትበሰብሻለሽ እኮ!» እያለ ከኋላዬ ይጮሃል። ምን ልበለው? አፍሬ ነው ልበለው?

ያ ሽታ አምስተኛ ክፍል የነበርኩበትን በጋ ነው የሚያመጣብኝ፤ ከመስቀል እስከ ገና ያለውን። ታላቅ እህቴ ስለናት ለጋብቻ የተጠየቀችበት በጋ ነው። ቆይ፣ ከአባቴ ልጀምር።

አባቴን ሰፈርተኛው አያ ደሴ ይለዋል። አራዳ ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ የማታስቆም ሱቅ ነበረችው፤ ሬዲዮ፣ ስልክ፣ ኮምፒውተር ይጠግናል። በሯ ላይ በቀይ ቀለም «ደሴ ቴክኒሻን» ተብሎ ተጽፏል። ያቺን ቃል አቤት ሲወዳት! ሰው በደግነት «የእጅ ባለሙያ» ሲለው እንኳ ፊቱ ይለዋወጥና «ቴክኒሻን ነኝ» ይላል። እኔ ኩራት ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት መስቀል እንዳለፈ አባቴን አንድ ነገር ያዘው። ከሱቁ አጠገብ ያለው ወርቅ ሠሪ ወርቁን የሚቀይጥበት መዳብ ንጹህ አልሆን ብሎት ሁልጊዜ ያማርራል። ከአሮጌ ሽቦ የሚያገኘው መዳብ እርሳስ ይነካካዋል፤ ቀለበቱ ገና ሲጠፈጠፍ ይሰነጠቃል። አባቴ ይህን ሰምቶ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ሲያይ ሰነበተ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሞተ ኮምፒውተር ውስጥ ፓወር ሰፕላይ የሚባለውን የመብራት ሣጥን ፈቶ ቤት ይዞት መጣና ጓሯችን ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ገብቶ በሯን ዘጋ።

እኔን ብቻ ያስገባኝ ነበር። እጄ ቀጭን ስለሆነ ጠባብ ቦታ እየገባሁ ሽቦ አስርለታለሁ። ከሣጥኑ ከሚወጡት ብዙ ሽቦዎች መካከል አረንጓዴውን ከጥቁሩ ጋር በወረቀት መያዣ ሽቦ ሲያገናኛቸው፣ የሣጥኑ ማራገቢያ ብቻውን ማጉረምረም ጀመረ።

«ኮምፒውተር ያለ መስሎት ነው የነቃው» አለኝ። «አታለልነው።»

በሣቅ ሞትኩ። አባቴ ሲቀልድ ብዙ አይቼው አላውቅም።

ጄሪካኖች በቁመታቸው ተሰንጥቀው ገንዳ ሆኑ። የባትሪ አሲድ በብዙ ውሃ ቀጥኖ ተጨመረባቸው። «አሲዱ ወደ ውሃው ነው እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይገባም፤ ይፈነዳብሻል» እያለ ደጋግሞ ያስጠነቅቀኛል። በገንዳው አንድ ወገን፣ ከተቃጠለ ሞተር የወጣ፣ ቀለምና ብየዳ የለበሰ የመዳብ ሽቦ በአቡጀዲ ከረጢት ታስሮ ይንጠለጠላል። በሌላው ወገን እንደ ወረቀት የሳሳች ንጹህ የመዳብ ቅጠል ትነከራለች። ከሣጥኑ የምትመጣውን ብርቱካናማ ሽቦ ከከረጢቱ ጋር፣ ጥቁሯን ከቅጠሏ ጋር ያገናኛል። ቢጫዋን አይነካትም። «ቢጫዋ ጉልበተኛ ናት፤ በእሷ ከቸኮልሽ መዳቡ እንደ አተላ ይፈረፈራል። ቀስ ያለው ነው የሚጠነክረው።» እንዳይሻክርም ከአናጢ ቤት ያመጣትን ኮላ በውሃ አሟሙቶ ጠብ ያደርግበታል።

ውሃው እየዋለ እያደረ ሰማያዊ ሆነ። እንዲያ ያለ ሰማያዊ በሕይወቴ አላየሁም። የመብራት ነገር ታውቃላችሁ፤ ይጠፋል፣ ይመጣል። ማራገቢያው ሲያጉረመርም አባቴ ይዘፍናል፣ ሲቆም ይራገማል። ቅጠሏ ደግሞ በየቀኑ ወፈር፣ ሮዝ ሮዝ እያለች ትሄዳለች።

«እዚህ ከረጢት ውስጥ ያለው መዳብ ይሟሟል» አለኝ አንድ ቀን። «ንጹሁ ብቻ ውሃውን ተሻግሮ ቅጠሏ ላይ ይቀመጣል። ቆሻሻው መሻገር አይችልም፤ ከረጢቱ ሥር ጥቁር ጭቃ ሆኖ ይቀራል።»

«ሁሉም ቆሻሻ?»

«ሁሉም።»

«ከድሮ ጀምሮ የነበረም?»

«ከአያት ቅድመ አያቱ የመጣም ቢሆን» አለና ራሱ በራሱ ነገር ፈገግ አለ። ከዚያ ደግሞ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ልብ በይ ትርንጎ፤ እሳት የለም፣ ወናፍ የለም፣ መዶሻ የለም። ይህ ሳይንስ ነው» አለኝ። ይቺን ነገር በየቀኑ ነበር የሚደግማት። ከማን ጋር እንደሚከራከር ግን አይገባኝም ነበር።

የገባኝ አንድ ሽማግሌ ሲመጡ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመው በራችን ላይ ቆሙ። ጋቢያቸው የጭስ ሽታ አለው። «እንዴት ዋላችሁ፣ የደሴ ቤት ነው?» አሉኝ። እናቴ እናኑ ከቤት ብቅ ስትል ከፊቷ ደም ጠፋ። በመንገድ የምታልፍ ጎረቤታችን «እንግዳ መጣባችሁ?» ብትላት፣ እናቴ ዓይኗን ሳታሽ «ኧረ ቁርጥራጭ የሚሸጡ ሰውዬ ናቸው!» አለች። ሽማግሌው ከረጢታቸውን ዝቅ አደረጉ። ጎረቤቷ ካለፈች በኋላ እናቴ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደቻቸው።

ማታ እራት ላይ ጆሮዬን አቁሜ ሰማሁ። እናቴ አባቴን በነገር ይዛዋለች።

«ልጃችንን ለያየህ የሚጠይቁት ሽማግሌዎች በዚህ ወር ይመጣሉ። የስለናት ነገር ጫፍ ደርሶ ሳለ አባትህን ከጃናሞራ ታመጣብኛለህ? ለሰው ሁሉ ሞተዋል አላልክም? ገበሬ ነበሩ አላልክም?»

«አላመጣኋቸውም። ልጅህ መዳብ ይሰበስባል ሲሏቸው ጊዜ ከየገጠሩ ለቃቅመው ይዘውልኝ መጡ። ምን ልበላቸው፣ ተመለሱ?»

«ጠይብ መሆናችሁ ከተሰማ ልጄን ማንም አያገባት፣ ደሴ። ማንም!»

አያቴ ሕያው መሆናቸውን የሰማሁት እንዲህ ነው። ጠይብ መሆናችንንም። ቃሏን አውቃታለሁ፤ ትምህርት ቤት ልጆች ሲጣሉ የሚሰዳደቡባት ናት። ጠይብ ማለት ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ምግብ ስትበላ ካየህ ሆድህን ያምሃል ይባላል። ስለናት ግድግዳው ጥግ ቁጭ ብላ ጥፍሯን ትነክሳለች። እሷ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራ ነበር። ያየህ ደግሞ የአምባ ጊዮርጊስ ሰዎች ልጅ ሆኖ ከተማችን ውስጥ ሚኒባስ ይነዳል። ስትወደው ለከት የላትም። ሚኒባሱ በሰፈራችን ሲያልፍ ሁለቴ ጥሩምባ ይነፋላታል፤ እሷም ሰበብ ፈልጋ ትወጣለች። እናቴ እንኳ ሳቋን መያዝ ያቅታት ነበር።

አያቴ በጓሮዋ ክፍል፣ ገንዳዎቹ አጠገብ፣ በፍራሽ ላይ ሰነበቱ። አባባ እላቸው ጀመር። ክንዳቸው ላይ ፍንጣሪ ያቃጠለው ነጠብጣብ ሞልቷል። መጀመሪያ ያን ነገር ሲያዩ ጆሯቸውን ሣጥኑ ላይ ለጥፈው አዳመጡ።

«እሳቱ የታለ?» አሉ።

«የለውም አባባ» አለ አባቴ።

«ወናፉስ?»

«እሱም የለውም።»

አያቴ ገንዳውን ዞር ዞር ብለው አዩና «ታዲያ ጎረቤት ምን ብሎ ይሰድብሃል?» አሉት።

እኔ ሣቅኩ። አባቴ አልሣቀም።

ቅጠሏን ግን ወደዷት። በየጠዋቱ «እስኪ አውጫት» ይሉኛል፤ አውጥቼ ሳሳያቸው «ሸጋ ናት! እንደ ጥጃ ምላስ!» ይላሉ። አባቴ ቁርጥራጩን አቅልጦ ሰሌዳ ቢያደርገው ሥራው ይቀልለት ነበር፤ ያልቀለጠ ሽቦ ከረጢቱ ውስጥ እየተበጣጠሰ ያስቸግራል። ይህን እሱም ያውቃል፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ማቅለጥ ግን እሳት ነው፤ ጭሱ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ ይታያል። ስለዚህ ማናቸውም አያነሱትም።

አንድ ቀን «አባባ፣ ጠይብ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ማረሻ የሚሠራ።»

«ታዲያ ምነው ይደበቃል?»

«እኔ መች ተደበቅሁ? የደበቃችሁኝ እናንተ» አሉና ጉንጬን ቆነጠጡኝ። ቀልዳቸውን ነበር። ለእኔ ግን ያን ቀን ቀልድ አልሆነልኝም።

ምክንያቱም ትምህርት ቤት ጉድ ፈልቶብኛል። አብራኝ የምትቀመጠው ትዕግሥት በእረፍት ሰዓት ዳቦ ስትበላ አይቻት ነበር። ዝም ብዬ፣ አምሮኝ ነበር ያየኋት። ከሰዓት ሆዷን ቁርጠት ያዛት፤ እያለቀሰች ወደ ቤቷ ሄደች። በቃ እኔ ነኝ አልኩ። ዓይኔ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲበላ ግድግዳ ግድግዳውን ነበር የማየው። ቤት እንኳ ስለናት ስትጎርስ ዓይኔን እጨፍናለሁ። «ምነው፣ እንቅልፍሽ ነው?» ስትለኝ «አዎ» እላታለሁ። እሷን ደግሞ ብበላትስ? ሙሽራ ልትሆን ነው እኮ።

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ መጥተው ቆመው «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው፣ አባቴም በወጉ «ዘመድ አማክሬ» ብሎ ቀጠሮ ሰጥቷቸዋል። መልስ ሊሰጣቸው የቀጠረው ለእሑድ ነበር። ቅዳሜ እናቴና ስለናት ገበያ ወጡ፤ አባቴ ሱቁ ነው፤ አያቴ ፀሐይ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። መብራት ጠፍቶ ቆይቶ ያን ሰዓት መጣ። ማራገቢያው ሲያጉረመርም ሰማሁና የጠራኝ መሰለኝ።

ያሰብኩት ይህን ነው። ቆሻሻው መሻገር አይችልም፤ ከአያት ቅድመ አያት የመጣም ቢሆን። አባቴ ነው ያለኝ፣ አባቴ ደግሞ ቴክኒሻን ነው። ነገ የሚመጡት ሰዎች አጥንታችንን ይቆጥራሉ ተብሏል። እንግዲህ ቢያንስ የእኔ ንጹህ ሆኖ ይጠብቃቸው።

ከረጢቱን አውጥቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። የብርቱካናማዋን ሽቦ መቆንጠጫ በእጄ ጨብጬ፣ ሁለቱንም እጄን እስከ ክንዴ ሰማያዊው ውሃ ውስጥ ከተትኩ። መጀመሪያ ቀዝቀዝ አለኝ፤ ደስ ይላል። ከዚያ በየጭረቱ፣ በየጥፍሬ ሥር፣ እንደ ሳማ ይለበልበኝ ጀመር። እየወጣ ነው አልኩ። ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ። ወደ ታች ጥቁር ጭቃ መውረዱን እያየሁ ነበር የምጠብቀው፤ አልወረደም። ገና ነው ብዬ ጨመርኩ። ዓይኔንም ልነክር አስቤ ነበር፤ ዋናው እሱ አይደል? እጄ ሲብስብኝ ለዓይኔ ፈራሁና ተውኩት። ለዚህ ብቻ እግዜርን አመሰግናለሁ።

ማታ እጄን በነጠላዬ ጠቅልዬ ተኛሁ። ቀሚሴ በየቦታው ተበሳስቶ ነበር፤ እሱንም ከፍራሽ ሥር ሸጎጥኩት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። የያየህ አጎት አያ መልኬ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ንግግር የሚያውቁ ሰው፤ አክስቱ እትዬ የሺ፤ ሌሎችም ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌዎች። ስለናት ወጉ ነውና ጓዳ ተደብቃለች። አያቴ ከጓሮው ክፍል እንዳይወጡ ተነግሯቸዋል። የእኛ ሳሎንና ያቺ ክፍል የሚለያዩት በአንድ ቆርቆሮ ነው፤ እዚህ የሚወራው ሁሉ እዚያ ይሰማል።

አያ መልኬ የራሳቸውን ወገን ከአባት እስከ ቅድመ አያት ቆጠሩና «እናንተስ በአባት በኩል?» አሉ።

«ጃናሞራ ነን» አለ አባቴ። «አባቴ ገበሬ ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማርና።»

«ነፍስ ይማር» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ። እኔ ቆርቆሮውን አየሁት። ከጀርባው አንዲት ሳል እንኳ አልተሰማችም።

ከዚያ አባቴ «ሰጥተናል» አለ። እልል ተባለ። እናቴ ዓይኗን ጠረገች። ምግብ ቀረበና እጅ ላስታጥብ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዤ ተነሳሁ፤ ትንሿ እኔ ነኝና ሥራው የእኔ ነው። ለአያ መልኬ አፈሰስኩ፤ አላዩኝም። ለሌሎቹም አፈሰስኩ። እትዬ የሺ ጋ ስደርስ ነጠላዬ ከክንዴ ሸርተት አለ።

«በስማም! ምነው ልጄ፣ እጅሽ ምን ሆነ?»

እጄ ቀልቶ፣ ተልጦ፣ በየስንጥቁ አረንጓዴ ሆኗል። ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ወስደው አስቀመጡት። ሴትዮዋ ደግ ነበሩ፤ ይህን መደበቅ አልችልም። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው እፍ እፍ አሉበትና «ቅቤ አምጡልኝ፣ ምስኪን፣ ማን እንዲህ አደረጋት?» አሉ። እናቴ ተሯሩጣ ቅቤ አመጣች። እሳቸው በጣታቸው ሲቀቡኝ አባቴ ተነስቶ አጠገቤ ተንበረከከ።

«በምን ነው? ከገንዳው ነው?» አለኝ።

በአንገቴ አዎ አልኩት።

«ለምን? ትርንጎ፣ ለምን ነካሽው?»

ጮክ ብዬ መናገር አልቻልኩም። ወደ ጆሮው ተጠጋሁና «እኔን እንኳ ንጹህ ሆኜ እንዲያገኙኝ» አልኩት።

አባቴ ቶሎ አልተነሳም። ነጠላዬን መልሶ ክንዴን ሁሉ አየው። ከዚያ ቆመ።

«አያ መልኬ፣ ዋሽቻችኋለሁ» አለ። «አባቴ አልሞቱም፤ እዚህ ጓሮ ናቸው፣ እየሰሙን ነው። ገበሬም አይደሉም፤ ቀጥቃጭ ናቸው፣ የእሳቸውም አባት ቀጥቃጭ ነበሩ። እኔም የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። ይህቺ ልጄ እናንተ እንዳትጸየፏት ብላ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ራሷን አሲድ ውስጥ ነከረች። ከዚህ በላይ አልዋሽም።»

ጀግና አባት አለኝ ያልኩ እንዳይመስላችሁ። በልቤ «ዝም በል! ዝም በል!» ነበር የምለው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጠይብነታችንን በሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ አፉ ሲናገር ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። በአባቴ አፈርኩበት፤ በጣም አፈርኩበት።

እትዬ የሺ እጄን ለቀቁት። አልወረወሩትም፤ የሰው ቤት ብርጭቆ እንደሚመልሱ ቀስ ብለው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት። ቅቤው ግማሹ ላይ ብቻ ተቀብቶ ቀረ። ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ አንዴ ጠርገው ደግሞ መልሰው ጠረጉ።

አያ መልኬ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ደግ ነው። እውነት መናገር ደግ ነው። እንግዲህ እኛም ተመካክረን እንልክባችኋለን» አሉ። ሁሉም ተነሱ። እጃቸውን ታጥበው፣ ምግቡ ቀርቦ፣ እንጀራው ሳይቆረስ ወጡ። እኛ አገር ከዚህ የባሰ ስድብ አላውቅም።

ስለናት ከጓዳ ወጣች። ፀጉሯ አዲስ የተሠራ ነው። «ምነው አባዬ! ምነው ለአንድ ቀን ዝም ብትል!» ብላ ጮኸችበትና መሬት ላይ ቁጭ አለች። እናቴ ምግቡን ማንሳት ጀመረች።

አልላኩብንም። የያየህ ሚኒባስ በሰፈራችን ማለፉን ተወ። ስለናት ግን ጥሩምባ በሰማች ቁጥር ወደ በር ትነሳ ነበር፤ ከዚያ ሌላ መኪና መሆኑን ስታውቅ ትቀመጣለች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አባቴ ጓሮ መካከል ላይ ድንጋይ ደርድሮ ከሰል አቀጣጠለ። አያቴን «ይምጡ አባባ» አላቸው። ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፍ ተዘርግቷል። አያቴ ያናፋሉ፣ አባቴ መዳቡን ያቀልጣል። እሳቱ ጫፉ አረንጓዴ ነው። ጭሱ በአጥሩ ላይ ወጥቶ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። አባትና ልጅ እየተያዩ የሚሣሣቁት ነገር ነበራቸው፤ እንዲያ ሲሣሣቁ አይቼ አላውቅም። የቀለጠው መዳብ አሸዋ ላይ ፈስሶ ሰሌዳ ሆነ፤ ሰሌዳው ገንዳ ውስጥ ሲገባ ሥራው እንደ ልብ ሆነ፤ እኩል ይሟሟል፣ ቅጠሏም ያለ እንከን ትወፍራለች። ወርቅ ሠሪው በእጁ አገላብጦ አይቶ «እንዲህ ያለ መዳብ ከየት አመጣህ?» ብሎታል አሉ። እናቴ በዚያ ሰሞን መስኮቱን ዘግታ ነበር የምትውለው። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ጭሱን ከሩቅ ካየሁ፣ ጓደኞቼ ቤቴን እንዳያውቁ በሌላ መንገድ እዞራለሁ።

ገና ሊደርስ ሲል አያቴ «ልሂድ» አሉ። አባቴ ለመናቸው፤ እምቢ አሉ። ስለናት ስታለቅስ በቆርቆሮው በኩል ይሰማቸው ነበር፤ ምክንያቱን ግን አልተናገሩም። አባቴ አጥብቆ አቅፎ ተሰናበታቸውና ሱቁን ሊከፍት ሄደ፤ እኔን ደግሞ እስከ መናኸሪያ እንድሸኛቸው አዘዘኝ።

ጠዋቱ ይቀዘቅዛል። ወደ ጃናሞራ የሚሄደው የመካነ ብርሃን አውቶብስ እየጮኸ ሰው ይጭናል። ዕቃቸውን ተሸክሜላቸው ገባሁ፤ መቀመጫ አገኘሁላቸው፤ ጋቢያቸውን እግራቸው ላይ አለበስኳቸው። እጄ ድኗል፤ ይዘው አገላብጠው አዩትና «ሸጋ፣ ሸጋ» አሉ። ቀና ስል ሦስት የሰፈራችን ሴቶች ወደ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ሊሄዱ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። አንገታቸውን አዙረው እኛን ያያሉ። ከመካከላቸው አንዷ ለሌላይቱ አንድ ነገር ሹክ አለች።

ረዳቱ ትኬት እየቆረጠ እኛ ጋ ደረሰና «አባቴ፣ የልጅ ልጅዎ ናት? እንዴት ታምራለች!» አላቸው።

አያቴ ሴቶቹን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ፊቴ ላይ ምን እንዳነበቡ አሁን ድረስ አውቃለሁ።

«አይ» አሉት። «መንገድ ያገናኘን ልጅ ናት። ዕቃ ከብዶኝ አይታ ያዘችልኝ። እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ በይ ውረጅ፣ ሊነሳ ነው።»

ወረድኩ። አውቶብሱ ሲወጣ እጄን አላወዛወዝኩም፤ ሴቶቹ እያዩኝ ነበርና። ከዚያ ከመናኸሪያው እስከ ቤታችን ድረስ ሸክም እንደወረደለት ሰው ቀልሎኝ፣ እየሮጥኩ ነው የሄድኩት።